80 ኤከር ብንገዛ የመንግሥት የእርሻ ድጎማ ይደርሰናል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ምዕራብ ካንሳስ፣ ጋርደን ሲቲ አካባቢ ነው። የምሠራው የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች። በዝናብ ብቻ የሚታረስ 80 ኤከር መሬት ገዝተን ጤፍ ለመዝራትና ጥቂት ፍየልና በግ ለማርባት እያሰብን ነው። በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ የእርሻ ድጎማ የሚያሳይ ድረ ገጽ አሳየኝ። የካውንቲያችን ገበሬዎች በስማቸው፣ ከነዶላሩ ተዘርዝረዋል። ከሚሊዮን በላይ የወሰዱ አሉ። መሬታቸው ላይ ሣር እንጂ ሰብል አይቼ የማላውቃቸው ሰዎችም አሉበት። ገንዘቡ ለምንድን ነው የሚሰጠው? ላለማረስ ነው እንዴ? ግሪን ካርድ ያለን ሰዎች ብንገዛስ ይደርሰናል? ተማምነንበት ብንገባስ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ድጎማን ተማምናችሁ መሬት አትግዙ። ግሪን ካርድ ካላችሁ ግን ፕሮግራሙ እንደማንኛውም ገበሬ እናንተንም ይመለከታል። ሥራዬ የገበሬዎች ብድርና ሒሳብ ነው። ከእኛ ሰዎች አብዛኛው የሚጠይቀኝ መሬቱን ከገዛ በኋላ ነው፤ አንተ ቀድመህ በመጠየቅህ በጣም ደስ ብሎኛል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር ከያዝክ ሌላው ይገባሃል። የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ ዋናው ክፍል የሚከተለው መሬቱንና የመሬቱን የቆየ መዝገብ ነው። ገበሬው ተቸግሯል ወይስ ደልቶታል፣ ዘንድሮ ምን አመረተ፣ ስንት ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ይህ ብዙም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ያ መሬት በመንግሥት ፋይል ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ያየኸውን ድምር እንበትነው። ድረ ገጾቹ የሚደምሩት ከ1995 ወዲህ ያለውን ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር ለ30 ዓመት ስታካፍለው በዓመት 33 ሺህ ገደማ ይመጣል። ቀላል ገንዘብ ነው አልልም፤ ግን በአንድ ዓመት የታፈሰ ሚሊዮን አይደለም። በዚያ ድምር ውስጥ ደግሞ አራትና አምስት ዓይነት ገንዘብ አብሮ ተደባልቋል። ዋጋ ሲወርድ የሚከፈል አለ። መሬትን ለማሳረፍ የሚከፈል ኪራይ አለ። የድርቅ ካሳ አለ። ኮንግረስ ወይም የግብርና ሚኒስቴሩ ድንገት የሚያወጣው የአንድ ጊዜ ገንዘብ አለ። ትልቁ ድጎማ፣ የሰብል መድን፣ ግን እዚያ በስም አይታይም። የመድን ካሳ የተቀበለውን ገበሬ ስም ሕጉ ለሕዝብ አያወጣም። ስለዚህ ዝርዝሩ በአንድ በኩል ያጋንናል፣ በሌላ በኩል ይደብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ቤዝ ኤከር» የሚባል ነገር አለ። መሬቱ ድሮ በተዘራበት ሰብል ልክ መዝገብ ላይ የተጻፈለት ኤከር ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ አኩሪ አተር፣ ጥጥ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና ጥቂት ሌሎች ሰብሎች ብቻ ናቸው የሚቆጠሩት። በ2002 ባለመሬቶች ቤዝ ኤከራቸውን ከ1998 እስከ 2001 በዘሩት እንዲያድሱ ዕድል ተሰጣቸው። በ2014 ደግሞ በሰብሎቹ መካከል እንዲያሸጋሽጉ ተፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ የምትገዛው መሬት ላይ ያለው የስንዴ ቤዝ፣ አንተ አሜሪካ ሳትገባ የማታውቀው ሰው የዘራው ስንዴ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ክፍያው የሚሰላው በዚህ ቤዝ ነው። ፒኤልሲ የሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሰብል የወለል ዋጋ አለው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ የስንዴን ወለል በቡሼል ከ5.50 ወደ 6.35 ዶላር አሳደገው። የበቆሎን ከ3.70 ወደ 4.10፣ የአኩሪ አተርን ከ8.40 ወደ 10 ዶላር። አንድ ቡሼል ስንዴ 27 ኪሎ ገደማ ነው። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከወለሉ በታች ከወረደ መንግሥት ልዩነቱን ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለቤዙ 85 በመቶ ብቻ ነው፤ የሚባዛውም መዝገብ ላይ ባለው የድሮ ምርታማነት ነው።

በእናንተ መሬት ላይ እንሥራው። 80 ኤከሩ ውስጥ 60 ኤከር የስንዴ ቤዝ አለው እንበል። የተመዘገበው ምርት በኤከር 35 ቡሼል ነው እንበል። የዓመቱ አማካይ ዋጋ 5.35 ሆነና ልዩነቱ አንድ ዶላር መጣ። የ60 ኤከር 85 በመቶ 51 ነው። 51 በ35 ሲባዛ 1,785 ዶላር። ከዚያ ላይ ለፌዴራል በጀት ቅነሳ 5.7 በመቶ ይቆረጣል። እጅህ የሚገባው 1,683 ዶላር አካባቢ ነው። የስንዴ ዋጋ ከወለሉ በላይ በሆነበት ዓመት ደግሞ ዜሮ። «ተማምነን ብንገባስ» ያልከውን መልስ ይህ ሒሳብ ይሰጥሃል ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለእናንተ የሚጠቅም ነገር አለ። ክፍያው በ1996 ከዘንድሮው ዘር ተለይቷል። ስለዚህ የስንዴ ቤዝ ባለው መሬት ላይ ጤፍ ብትዘራ የስንዴው ክፍያ አይቀርብህም። ጤፍ ራሱ ከተቆጠሩት ሰብሎች ውስጥ የለም፤ ለጤፍ ተብሎ የሚከፈል የዋጋ ድጎማም የለም። ግን መሬቱ ስንዴ ተብሎ ስለተጻፈ የስንዴ ዋጋ ሲወድቅ ገንዘቡ ይመጣል። ገደብ ያለው አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ነው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም በቤዙ ላይ በስፋት ከተከልክ ክፍያው ሊቀነስብህ ይችላል። የጓሮ ያህሉ አያሰጋህም።

በነገራችን ላይ ጤፍ ለካንሳስ እንግዳ አይደለም። ከእናንተ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ግራሃም ካውንቲ ውስጥ ኒቆዲሞስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች በ1877 የቆረቆሯት ናት። የእነሱ ዘሮች የሆኑ ገበሬዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጤፍ ዘርተው ሞክረዋል። ከመግዛትህ በፊት እዚያ አካባቢ ያሉ ገበሬዎችን ብታነጋግር ስለ ዘሩ፣ ስለ አጨዳውና ስለ ገዢው ከእኔ የተሻለ ይነግሩሃል።

አሁን ደግሞ ወጥመዱ። ሻጩ ትልቅ እርሻ ኖሮት 80 ኤከር ቆርሶ ቢሸጥልህ ቤዙም ይከፋፈላል። ሕጉ ለባለመሬቱ ምርጫ ይሰጣል። ሻጩና ገዢው በጽሑፍ ከተስማሙ ቤዙ ሁሉ በሻጩ ቀሪ መሬት ላይ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል። ውሉ ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት አንቀጽ ገብታ ገዢው ሳያነባት ሲፈርም አይቻለሁ። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ የድጎማ መብቱ ግን ከአጥሩ ማዶ ቀርቷል። በሌላ በኩል አዲሱ ሕግ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር አዲስ ቤዝ እንዲሰጥ ፈቅዷል። የሚሰጠው ከ2019 እስከ 2023 ከነበራቸው ቤዝ በላይ ለተዘራባቸው መሬቶች ነው፤ ክፍያው ከ2026 ሰብል ይጀምራል። ስለዚህ የድሮ ወረቀት ቢያሳዩህም አዲሱን ጠይቅ።

ሣር ብቻ የሚታይባቸው መሬቶች ጉዳይስ? አዎ፣ እሱ በእርግጥ ላለማረስ የሚከፈል ነው። ሲአርፒ ይባላል፤ በ1985 የተጀመረ ነው። ነፋስና ጎርፍ በቀላሉ የሚሸረሽረውን መሬት ገበሬው ከ10 እስከ 15 ዓመት ሣር አልብሶ ያሳርፋል። መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል። በዋናው ምዝገባ ኪራዩ ከካውንቲው አማካይ የመሬት ኪራይ 85 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ለአንድ ሰው በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር አይበልጥም። በ1930ዎቹ የእናንተን አካባቢ አፈር አንሥቶ የወሰደውን የአቧራ ማዕበል ሰምተህ ይሆናል። እዚያ አገር የሣር ሥር ቀልድ አይደለም፤ እኔ ለዚህ ፕሮግራም አድልቼ ነው የምናገረው። እንዲያውም በአርካንሳስ ወንዝ ዳር ባሉ የእናንተ አካባቢ ካውንቲዎች በ2007 መስኖ የሚዘጋ ልዩ ፕሮግራም ተጀምሯል። ገበሬው ክፍያ ይቀበላል፤ የውኃ መብቱን ግን ለዘለዓለም ይተዋል። ኦጋላላ የሚባለው የከርሰ ምድር ውኃ እየተሟጠጠ ነውና።

ሲአርፒ ለካውንቲው ጉዳትም አለው። መሬቱ ሲያርፍ ማዳበሪያ የሚገዛ የለም። ነዳጅ የሚቀዳ፣ ጎተራ የሚያስገባ፣ ኮምባይን የሚያስጠግን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሕጉ ከአንድ ካውንቲ የእርሻ መሬት ከ25 በመቶ በላይ በፕሮግራሙ እንዳይያዝ የሚገድበው። አንተም ውል ያለበት መሬት ስትገዛ ተጠንቀቅ። ውሉን ተረክበህ መቀጠል ትችላለህ። ማረስ ከፈለግክ ግን እስካሁን የተከፈለው ኪራይ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይመለሳል። ባዶ መሬት ገዝተህ ወዲያው ሲአርፒ አስገባለሁ ማለትም አይሠራም፤ ቢያንስ 12 ወር በባለቤትነት መያዝ አለብህ።

«ላለማረስ ይከፈላል» የሚለው ወሬ ሥሩ የቆየ ነው። በ1933፣ በሩዝቬልት ጊዜ፣ የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሲከስር መንግሥት ምርት እንዲቀነስ ገንዘብ ከፈለ። የበቀለ ጥጥ ተገለበጠ። 6 ሚሊዮን ገደማ አሳማ ታረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 ሕጉን ጣለው፤ በ1938 ሌላ ሕግ ተተካ። የዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያንገበግበኝ የደቡቡ ነው። ቼኩ በባለመሬቱ ስም መጣ። መሬቱን ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ፣ አብዛኛው ጥቁር፣ ብዙም ነጭ፣ ድርሻውን ሳያይ ቀረ። ጥጥ ሲቀነስ ደግሞ ጭሰኛው ራሱ ትርፍ ሆነና ከመሬቱ ተባረረ። ገንዘብ የመሬትን ወረቀት ሲከተል ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ያን ጊዜ ታይቷል።

ዛሬም መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት። በጥሬ ገንዘብ ከተከራየህ የድጎማው ክፍያ የአንተ የአራሹ ነው፤ አደጋውን የተሸከምከው አንተ ነህና። የእኩል ወይም የሲሶ ከሆነ ባለመሬቱም በድርሻው ይካፈላል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ባለመሬቱ ድጎማው እንዳለ ስለሚያውቅ ኪራዩን ከፍ ያደርጋል። ከአንድ ዶላር ድጎማ ሩቡ ያህል በኪራይ በኩል ወደ ባለመሬቱ እንደሚሄድ በጥናት ታይቷል። የመሬት መሸጫ ዋጋም እንደዚሁ ነው። ቤዝ ያለው መሬት ሲወደድ አየህ ማለት የወደፊቱን ቼክ ከፊሉን ለሻጩ ቀድመህ እየከፈልክ ነው ማለት ነው።

ካውንቲ የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ የአድራሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አርክ የሚባለው ሁለተኛው ፕሮግራም የካውንቲውን አማካይ ገቢ ነው የሚያየው። የካውንቲው ምርትና ዋጋ ተባዝቶ ከተቀመጠው መጠን ሲወርድ ይከፍላል። የአንተ ማሳ በበረዶ ድምጥማጡ ቢጠፋና የካውንቲው አማካይ ደህና ቢሆን ከአርክ ምንም አታገኝም። የአንተ ደህና ሆኖ ካውንቲው ከተመታ ደግሞ ይከፈልሃል። በመንገድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ገበሬዎች፣ የካውንቲው ወሰን በመካከላቸው ስላለፈ አንዱ ሲቀበል ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። በፒኤልሲና በአርክ መካከል ገበሬው ነው የሚመርጠው። ለ2025 ሰብል ብቻ ሕጉ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይከፍላል።

በ2019 ይህ የካውንቲ ልዩነት በጣም ጎልቶ ታይቷል። ከቻይና ጋር በተነሣው የታሪፍ ጦርነት ለተጎዱ ገበሬዎች የ2018ቱና የ2019ኙ ተደምሮ 23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ። የ2019ኙ የተከፈለው በካውንቲ በወጣ ተመን ነበር፤ በኤከር ከ15 እስከ 150 ዶላር። ጎረቤት ካውንቲዎች የተለያየ ተመን ደረሳቸው። በ2020 ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ቀጥታ ክፍያው በአገር ደረጃ ወደ 46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በዲሴምበር 2025ም የ12 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ታውጇል፤ 11ዱ ቢሊዮን ለእህልና ለጥጥ ዓይነት ሰብሎች ነው። አየህ፣ በዝርዝሩ ላይ ያየኸው ትልልቅ ቁጥር ብዙው በእነዚህ ዓመታት የወረደ ነው። በየዓመቱ የሚመጣ ገቢ አድርገህ አትቁጠረው።

ትልልቆቹ እንዴት ያን ያህል ይወስዳሉ? ለአንድ ሰው የአርክና የፒኤልሲ ጣሪያ 125 ሺህ ዶላር ነበር። አዲሱ ሕግ ወደ 155 ሺህ አሳደገው። ባልና ሚስት እጥፍ ነው። በሽርክና ሲሆን እያንዳንዱ ሸሪክ የራሱ ጣሪያ አለው። ሸሪኩ «በእርሻው በንቃት የሚሳተፍ» መሆን አለበት ይላል ሕጉ። ነገር ግን ማስተዳደርም እንደ ተሳትፎ ይቆጠራል። በ2018 ደግሞ የቤተሰብ ትርጉም ተለጥጦ የወንድምና የእህት ልጆችንና የአጎት ልጆችን ጨመረ። ከተማ ተቀምጦ በስልክ «የሚያስተዳድር» ዘመድ ለእርሻው ሌላ 155 ሺህ ይከፍታል። ይህ ስህተት ነው ብዬ በግልጽ አምናለሁ። ገንዘቡን የሚያገኘው ትልቁ እርሻ በዚያው ገንዘብ አጠገቡ ያለውን መሬት ከጀማሪው በላይ ዋጋ ሰጥቶ ይገዛል። ጀማሪ ማለት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ጎረቤቶችህን ግን በዚህ አትፍረድባቸው። ስንዴ የሚዘራ ሰው ማዳበሪያውን፣ ዘሩን፣ ነዳጁን በብድር ገዝቶ መሬት ላይ በትኖ ሰማይ የሚያይ ሰው ነው። ሸቀጡን የሚሸጥበትን ዋጋ እሱ አይወስንም። በመጥፎ ዓመት ያ ቼክ ባይኖር ባንክ የሚወስደውን እርሻ አውቃለሁ። የገጠር ካውንቲ ትምህርት ቤት በጀት ከፊሉ የሚመጣው ከመሬት ግብር ነው፤ ገበሬው ሲከስር የልጆችህ ትምህርት ቤትም ይጎዳል።

አሁን ለእናንተ የሚሆነውን ልንገርህ። እርሻ ከጀመሩ 10 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች «ጀማሪ ገበሬ» ይባላሉ። ለእናንተ ከዋጋ ድጎማው ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ይህ ስም ነው። ጠቅላላ ቤዙ 10 ኤከር ወይም ከዚያ በታች የሆነ እርሻ በሕጉ አይከፈለውም፤ ጀማሪ ገበሬ ግን ይከፈለዋል። በሰብል መድን ላይ መንግሥት ለማንኛውም ገበሬ በአማካይ ከአረቦኑ 60 በመቶ ያህሉን ይከፍላል። ለጀማሪ ተጨማሪ 10 የመቶኛ ነጥብ ይከፍላል፤ አዲሱ ሕግ ዘመኑን ወደ 10 ዓመት አርዝሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ አድርጎታል።

ጤፍ መደበኛ የሰብል መድን ባይኖረውም ናፕ የሚባል የድርቅና የበረዶ መከላከያ አለ፤ መድን ለሌላቸው ሰብሎች የተሠራ ነው። ምዝገባው 325 ዶላር ነው፤ ጀማሪ ገበሬ ግን ይህን አይከፍልም። በመሠረታዊው ደረጃ ከሚጠበቀው ምርት ከግማሽ በላይ ስታጣ ከግማሹ በላይ ላለው ጉዳት የገበያውን ዋጋ 55 በመቶ ይከፍልሃል። ብዙ አይደለም። ነገር ግን ነፃ ነው። ሳትዘራ በፊት መመዝገብ ግዴታ ነው። ጤፍን በካውንቲያችሁ በምን ያህል ምርትና ዋጋ እንደሚይዙት የካውንቲውን የመንግሥት የእርሻ ቢሮ አስቀድመህ ጠይቅ፤ መረጃ ከሌላቸው እስኪያዘጋጁት ጊዜ ይወስዳል።

ለፍየሎቹና ለበጎቹ የግጦሽ ድርቅ ካሳ አለ። እሱም በካውንቲ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አለ፤ ካውንቲው በከባድ ድርቅ ደረጃ ላይ ለሳምንታት ከቆየ ክፍያው ይከፈታል። የእንስሳቱን ብዛት የሚያሳይ ወረቀት ስለሚጠየቅ የግዢ ደረሰኞችህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አስቀምጥ።

ብድርም አለ። እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ ማይክሮሎን የሚባል ብድር በቀጥታ ከመንግሥት ይሰጣል። ወረቀቱ ከሌሎቹ ያንሳል፤ የልምድ ጥያቄውም ቀለል ያለ ነው። ለመሬት መግዣ ደግሞ እስከ 600 ሺህ የሚደርስ ሌላ ብድር አለ። ያጠራቀማችሁትን ሁሉ መሬት ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። አጥር፣ የውኃ መስመር፣ የግጦሽ ማሻሻያ ለመሥራት ኢኪፕ የሚባለው የአፈር ጥበቃ ፕሮግራም ለጀማሪ እስከ 90 በመቶ ወጪ ሊሸፍን፣ ከዚያም ግማሹን አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። ሥራውን ሳይፈቀድልህ ከጀመርክ ግን አይከፈልህም።

ይህ የጠቀስኩት የእርሻ ቢሮ ኤፍኤስኤ ይባላል። በአገሪቱ ከ2,000 በላይ የካውንቲ ቢሮዎች አሉት። እያንዳንዱ ቢሮ ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጡት ከ3 እስከ 11 አባላት ያሉት ኮሚቴ አለው። የምርጫ ወረቀቱ በኖቬምበር በፖስታ ይመጣል። ይህ ኮሚቴ ጥሩም መጥፎም ታሪክ አለው። በደቡብ ለአሥርት ዓመታት ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ነበርና ጥቁር ገበሬዎች ብድርና ድጋፍ ሲከለከሉ ኖረዋል። በ1999 በፍርድ ቤት ስምምነት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተከፈለ፤ በ2010 ሌላ 1.25 ቢሊዮን ተጨመረ። ሰው በዘሩ ምክንያት የሚያገኘውን ልዩ ምድብ ሚኒስቴሩ በ2025 አቁሟል። ጀማሪ ገበሬ የሚለው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ቢሮው ስትገባ አንገትህን ደፍተህ አትግባ። የማትስማማበት ውሳኔ ከደረሰህ በጽሑፍ አስደርግ፤ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላለህ። የሚያስቸግርህ እንግሊዝኛው ከሆነ የሚረዳህ ሰው ይዘህ ሂድ። የገባህ መስሎህ አትፈርም።

ከመፈረምህ በፊት የምታደርገው ይህ ነው። ሻጩን የእርሻውን ቁጥር ጠይቀው። ከዚያ 156ኢዜድ የሚባለውን የእርሻ መዝገብ ገጽ እንዲሰጥህ አድርግ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። የትኛው ሰብል ስንት ቤዝ እንዳለው፣ የተመዘገበው ምርት ስንት እንደሆነ፣ የሲአርፒ ውል ይኑር አይኑር እዚያ ላይ አለ። መዝገቡ የባለቤቱ ስለሆነ ቢሮው ላንተ በቀጥታ ላይሰጥህ ይችላል፤ ሻጩ ግን ማውጣት ይችላል። እምቢ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። በግዢው ውል ላይ «ቤዙ ከመሬቱ ጋር ለገዢው ይተላለፋል» የሚል መስመር በጠበቃ አስገባ። መሬቱ ታርሶ የማያውቅ የሣር መሬት ከሆነ ደግሞ አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸር መሆን አለመሆኑን ሳያስወስኑ ማረሻ እንዳታስገቡ። ያን ሳያደርግ ያረሰ ሰው ድጎማውን ሁሉ፣ የመድን ድጋፉንም ጭምር ያጣል።

ከገዛህ በኋላ የባለቤትነት ወረቀቱን ይዘህ ቢሮው ሄደህ በስማችሁ አስመዝግብ። በሁለታችሁም ስም ይሁን፤ ባለቤትህም የራሷ መዝገብ ይኑራት። በየዓመቱ የዘራችሁትን ኤከር ማስታወቅ አለባችሁ። ለፀደይ ሰብል በብዙ ቦታ ቀኑ ጁላይ 15 ነው፤ በመጸው የሚዘራው ስንዴ ቀኑ ስለሚለይ የካውንቲያችሁን ጠይቁ። የዋጋ ክፍያው የሚመጣው ከሰብሉ በኋላ ባለው ዓመት ከኦክቶበር ጀምሮ ነው። የ2025 ሰብል ገንዘብ በ2026 ኦክቶበር ማለት ነው። ስለዚህ ለዘር መግዣ አይደርስልህም። ሲመጣም ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው፤ ከፋብሪካው ደመወዝህ ጋር አብሮ ስለሚደመር ሒሳብ ሠሪህ የእርሻውን ገቢና ወጪ ለይቶ እንዲሞላው ንገረው።

ያን የመዝገብ ገጽ ስታገኝ የሻጩን ስምና አድራሻ ሸፍነህ ብትልክልኝ ቤዙን አይቼ በእናንተ መሬት ልክ ሒሳቡን እሠራልሃለሁ።